ቴአትሩ ውስጥ የሌለ አውሬ ሥዕሉ ላይ ምን ይሠራል?

ወረቀት ለቃሚ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ የገባኝ ነገር አለ፣ እስቲ የምታውቁ አፍታቱልኝ።

አንድ አሮጌ ህትመት እጄ ገብቷል። ትንሽ ነው፣ ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። የባሕር ጠረፍ ላይ ነው ነገሩ። ከማዕበሉ ውስጥ ቅርፊታም፣ ቀንዳም አውሬ አፉን ከፍቶ ወጥቷል። ፈረሶቹ ደንብረው በኋላ እግራቸው ቆመዋል፣ የሠረገላው አንድ ጎማ ወልቋል፣ አንድ ጎረምሳ ደግሞ በልጓሙ ተጠላልፎ በጀርባው ወድቋል። ከኋላ ጉንዳን የሚያካክሉ ሰዎች ይሮጣሉ። ከላይ በፈረንሳይኛ «ፌድር፣ ገቢር 5» ይላል፣ ጥግ ላይም የገጽ ቁጥር አለ። ታችኛውን ጠርዝ ግን አንድ እጁ የማያርፍ ሰው በመቀስ ከርክሞታል፣ የተረፈችው «ስኩልፕ» የምትል ቁራጭ ቃል ብቻ ናት።

እኔም ጓጉቼ ራሲን የሚባለው ፈረንሳዊ ደራሲ የጻፈውን «ፌድር» የሚል ተውኔት ፈልጌ አነበብኩት። አውሬው አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያልኩ እስከ መጨረሻው ጠበቅኩ። አልመጣም! አምስተኛው ገቢር ላይ የልጁ አሳዳጊ ይገባና እንዴት እንደሞተ ለአባቱ ያወራል፣ በቃ። ፈረስ የለ፣ ሠረገላ የለ፣ ባሕር የለ።

ታዲያ ይሄ ሥዕል የቴአትሩ ነው ወይስ የድሮው የግሪክ አፈ ታሪክ? «ገቢር 5» ብሎ ጽፎ መድረክ ላይ ያልነበረ ነገር መሳል ምን ይባላል? ወይስ በዚያ ዘመን እውነት አውሬ ሠርተው ያወጡ ነበር? ደግሞ አሮጌ ነው አልኩ እንጂ እርግጠኛ አይደለሁም፣ የትናንት ፎቶ ኮፒም ሊሆን ይችላል።


ከመጋረጃ ጀርባ፦

እንኳንም አልመጣ! አውሬው ቢመጣ ኖሮ ራሲን ራሲን አይሆንም ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። «ፌድር» መጀመሪያ የታየው በ1677 የአዲስ ዓመት ዕለት፣ ፓሪስ ውስጥ ኦቴል ደ ቡርጎኝ የሚባለው ቴአትር ቤት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ትራጄዲ ሕጉ ጥብቅ ነው። ታሪኩ አንድ፣ ቦታው አንድ፣ ጊዜው ከአንድ ቀን የማይዘል። በላዩ ላይ «ቢያንሴያንስ» የሚሉት አለ፣ እኔ «ይሉኝታ» ብዬ ነው የምተረጉመው። ደም ተመልካች ፊት አይፈስም። ሰው አይታረድም። መርዝ ጠጥቶ በጨዋ ደንብ መሞት ግን ይፈቀዳል፣ ባለታሪኳ ፌድር ራሷ እንደዚያ ነው መድረኩ ላይ የምትሞተው። የጠጣችውም ጠንቋይዋ ሜዴያ አቴና ይዛው የመጣችው መርዝ ነው፣ ራሲን እንዲህ በአንድ ስንኝ ሌላ አፈ ታሪክ ሹልክ አድርጎ ማስገባት ይችልበታል።

የኢፖሊት (ሥዕልህ ላይ የወደቀው ጎረምሳ፣ የፌድር የእንጀራ ልጅ ነው) ሞት ግን በሠረገላ መጎተት ነው፣ ሥጋ በድንጋይ ላይ መበጣጠስ ነው። ይሄ አይታይም፣ ይወራል። ያ አሳዳጊው ያልከው (ወይ ያልሽው፣ ይቅርታ) ቴራሜን ይባላል፣ ንግግሩ ከ70 ስንኝ በላይ ነው። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይባል የለ? የቴአትሩ ሥራ ይኼው ነው። ተዋናዩ ቆሞ ያወራል፣ አውሬውን ተመልካቹ በራሱ ጭንቅላት ይሥለዋል።

አሁን ወደ ሥዕሉ። መጽሐፉ በዚያው በ1677 ሲታተም መግቢያው ላይ አንድ ህትመት ነበረው። ነዳፊው ሻርል ለ ብረን ነው፣ የንጉሡ የሉዊ 14ኛ ዋና ሠዓሊ፣ ቆየት ብሎ የቬርሳይን የመስታወት አዳራሽ ጣሪያ የሣለው ሰውዬ። መዳቡ ላይ የቀረጸው ሴባስቲያን ለክሌር ነው። የሣሉት ምንድን ነው? ፌድርን? አይደለም። የኢፖሊትን ሞት! መድረኩ የደበቀውን አንዱን ነገር መርጠው መጽሐፉ በር ላይ ለጠፉት። ያኔ ደግሞ ፉክክር ነበር። ራሲን ተውኔቱን ባሳየ በሁለተኛው ቀን ፕራዶን የሚባል ደራሲ ያንኑ ታሪክ ሌላ ቴአትር ቤት አሳይቷል። እና አሳታሚ ብትሆን ገዥውን የምትይዘው በምን ነው? ሁለት ሴቶች አዳራሽ ውስጥ ሲመካከሩ በሚያሳይ ሥዕል ወይስ ከባሕር በወጣ አውሬ?

ከዚያ ወዲያ የመጡ ቀራጮች ብዙዎቹ ያንኑ መንገድ ተከተሉ። ያንተም (ያንቺም) ከእነሱ የአንዱ ይመስለኛል።

የቴአትሩ ነው ወይስ የአፈ ታሪኩ ለሚለው ግን ጥሩ መፈተኛ አለ። ዩሪፒዲስ በ428 ዓመተ ዓለም ባቀረበው የግሪኩ ተውኔት ከባሕር የሚወጣው በሬ ነው፣ ኢፖሊትም አይዋጋውም፣ ፈረሶቹን ለመያዝ ብቻ ነው የሚታገለው። የራሲን አውሬ ግን ግማሽ በሬ፣ ግማሽ ዘንዶ ነው፣ ቢጫ ቅርፊት አለው፣ ጀርባው እየተጠማዘዘ ይወጣል። የራሲን ኢፖሊት ደግሞ ጦር ወርውሮ ጎኑን ያቆስለዋል። ሌሎቹ ሰዎች ሁሉ ሸሽተው አጠገቡ ያለ ቤተ መቅደስ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ አጉሊ መነጽር ፈልግና ሦስት ነገር እይልኝ። ጦር አለ? ቁስል አለ? እነዚያ ጉንዳኖችህ የሚሮጡት ወዴት ነው?


መዳብና አሲድ፦

ቴአትሩን ለተነተነው ጓደኛዬ እጅ ነስቻለሁ፣ እኔ የማውቀው ወረቀቱንና ቀለሙን ነው።

መጀመሪያ «ስኩልፕ»። ሙሉው ቃል «ስኩልፕሲት» ነው፣ ላቲን ነው፣ «ቀረጸው» ማለት። ከእነዚህ ህትመቶች ግርጌ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ስም ይኖራል። በግራ በኩል የነዳፊው፣ ከስሙ ቀጥሎ «ኢንቬኒት» (አሰበው) ወይም «ዴሊኔያቪት» (ነደፈው) ወይም ከቀለም ቅብ የተወሰደ ከሆነ «ፒንክሲት» (ቀባው)። በቀኝ በኩል የቀራጩ፣ «ስኩልፕሲት»። አሳታሚው ካለ «ኤክስኩዲት»። ስለዚህ አንተ ጋ የተረፈችው የቀኙ ጥግ ናት ማለት ነው፣ ስሙን ራሱን መቀሱ በልቶታል። ክፋት አልነበረም፣ ሰዎች ህትመቶችን ቆርጠው አልበም ላይ ይለጥፉ ነበር፣ ጽሑፉ ቦታ ይፈጃል ብለው ይከረክሙታል። እኛ ዛሬ ቁጭ ብለን እናለቅሳለን።

የገጽ ቁጥሩ ጥሩ ምልክት ነው። የመዳብ ሥዕልና የፊደል ጽሑፍ በአንድ ማተሚያ አይወጡም። ፊደሉ ከፍ ብሎ የተቀረጸ ስለሆነ ቀለሙን ጫፉ ላይ ይይዛል፣ መዳቡ ግን ቀለሙን የሚይዘው የተቦረቦረው መስመር ውስጥ ነው፣ እዚያ ውስጥ ያለውን ስቦ ለማውጣት ወረቀቱ እርጥብ ሆኖ በሁለት ሲሊንደር መሃል በኃይል መጨመቅ አለበት። እና ሥዕሉ ለብቻው ይታተምና ጠራዡ መጽሐፉ ውስጥ ያስገባዋል። የት እንደሚገባ እንዳይሳሳት ነው ገጹን ጥግ ላይ የሚጽፉለት። ስለዚህ ያንተ ለግድግዳ የተሠራ አይደለም፣ ከመጽሐፍ የወጣ ነው።

አሮጌ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ገንዘብ አታውጣ። በአጉሊ መነጽር እየው። ጥቁሩ ቦታ ሁሉ እኩል በተደረደሩ ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ የዘመናችን ማተሚያ ሥራ ነው፣ ደህና ሁን ብለህ አስቀምጠው። ንጹህ መስመር ከሆነ፣ እየሰፋ እየጠበበ የሚሄድ፣ ጫፉ ላይ እንደ መርፌ የሚሾል፣ ያ በቡረን (በእጅ የሚገፋ የብረት መቅረጫ ነው) የተቀረጸ ነው። ጫፉ ደብዛዛ፣ እንደ እስክርቢቶ ልቅ የሆነ መስመር ከሆነ አሲድ የበላው ነው፣ ኤችንግ። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ መዳብ ላይ አሉ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሳው። የተቀራረቡ ቀጫጭን መስመሮች፣ እነሱን ደግሞ የሚያቋርጡ ራቅ ራቅ ያሉ መስመሮች ካየህ በሽቦ ወንፊት የተሠራ የእጅ ወረቀት ነው። ይሄ ብቻውን ዘመኑን አይነግርህም፣ ግን ከመስመሩ ጋር ተደምሮ ይረዳል። መዳቡ ወረቀቱ ላይ የሚተወው ጠርዝ (እንደ ማኅተም የጎደጎደ) መቀሱ ካልበላው እሱንም በጣትህ ዳብሰው።

አንድ ሌላ፣ ለጨዋታ ያህል። ቀራጩ ንድፉን እንዳለ መዳቡ ላይ ከገለበጠው ህትመቱ ሲወጣ ግራና ቀኙ ይቀያየራል። ጠንቃቆቹ በመስታወት እያዩ ያስተካክሉታል፣ የቸኮሉት ግን አይጨነቁም። ለዚህ ነው በድሮ ህትመቶች ውስጥ ያለ ልክ ብዙ ግራኝ ጀግና የምታየው። ልጁ ጦር ከያዘ በየትኛው እጁ ነው?


የፔጋሰስ አጃ፦

ቆይ ቆይ። «መድረክ የደበቀውን ሥዕል አሳየ» የሚለው ለራሲን ልክ ነው፣ ግን ጠቅልላችሁ አትሂዱ። የፈረንሳይ መድረክ አውሬ አላወጣም ካላችሁ በጣም ተሳስታችኋል። እንዴት አድርጎ ነው ያወጣው!

ኮርኔይ በ1650 «አንድሮሜድ» የሚል ተውኔት አሳይቷል፣ ፕቲ ቡርቦን በሚባለው ከሉቭር አጠገብ በነበረ አዳራሽ። ድንጋይ ላይ ታስራ የባሕር አውሬ ሊበላት የሚመጣባት ልጅ ታሪክ ነው፣ ፐርሲዩስ በክንፋሙ ፈረስ በፔጋሰስ እየበረረ ያድናታል። የመድረኩን ማሽን የሠራው ጃኮሞ ቶሬሊ የሚባል ጣሊያናዊ ነው፣ ቀድሞ ቬኒስ ውስጥ ሲሠራ «ጠንቋዩ» ይሉት ነበር። አውሬው በእውነት ከማዕበሉ ይወጣል፣ ፐርሲዩስ በእውነት ከላይ ሆኖ ይዋጋዋል። አማልክት በደመና ተቀምጠው ይወርዳሉ። ኮርኔይም ሳያፍር ጽፎታል፣ ማሽኖቹ እዚህ ተውኔት ውስጥ ጌጥ አይደሉም፣ ታሪኩ ራሱ በእነሱ ላይ የታሰረ ነው ብሎ። ሙዚቃውንም ያስገባው ማሽኑ ሲወርድና ሲወጣ የተመልካቹ ዐይን በሌላ ስለሚያዝ ጆሮውን ለማስደሰት ነው፣ በዘፈን ውስጥ ቃል በደንብ ስለማይሰማ ለታሪኩ የሚያስፈልግ ነገር አላዘፈንኩም ይላል። እንዴት ያለ ሐቀኛ ደራሲ ነው!

የዚህ ተውኔት ህትመቶች በ1651 ወጥተዋል፣ ቀራጩ ፍራንስዋ ሾቮ። ስድስት ናቸው፣ ለመቅድሙ አንድ፣ ለአምስቱ ገቢሮች አምስት። እነዚህ የታየውን ነው የሚያሳዩት። ፕቲ ቡርቦን ራሱ በ1660 ፈርሷል፣ እና ዛሬ ያ መድረክ ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ ዋናው መስኮታችን እነዚህ ስድስት ወረቀቶች ናቸው።

የስሜ ነገር ደግሞ ከዚህ ነው የመጣው። «አንድሮሜድ» በ1682 እንደገና ሲታይ ለፔጋሰስ እውነተኛ ፈረስ ተጠቀሙ ይባላል። አስቀድመው ያስርቡታል፣ ከዚያ ልክ ሲንጠለጠል አንድ ሠራተኛ ከመድረኩ ጎን ሆኖ አጃ ይነፋል። ፈረሱ ያንኮራፋል፣ በእግሩ አየሩን ይደበድባል፣ ሕዝቡ «እንዴት ያለ ነበልባል ፈረስ!» ይላል። እሱ እቴ፣ ርቦት ነው እንጂ።


ከመጋረጃ ጀርባ፦

@የፔጋሰስ አጃ እውነትህን ነው፣ ተሸንፌያለሁ፣ ግማሽ በግማሽ ግን። እኔ ያወራሁት ስለ ንግግር ትራጄዲ ነው። የማሽን ተውኔትና ኦፔራ ሌላ ዓለም ነው፣ እዚያ አማልክት እንደ ልባቸው ይበራሉ።

ግን የሾቮን ህትመቶችም ፎቶ አድርገህ አትቁጠራቸው። ገመዱ የት አለ? የሻማው ጭስስ? ማዕበሉን የሚያዞሩት ሰዎችስ? አንዱም አይታይም። ፐርሲዩስ በእውነት ይበርራል። ማለቴ፣ የራሲን ህትመት ያልታየውን ጨመረ፣ የኮርኔዩ ህትመት ደግሞ የታየውን ደበቀ።

ተመልካቹ ራሱ የሚታይባቸውን ማየት ከፈለጋችሁ በ1674 ንጉሡ ፍራንሽ ኮንቴ የሚባለውን ግዛት ድል አድርጎ ሲመለስ ቬርሳይ ላይ የተደረገውን ድግስ ፈልጉ። ሉሊ ሙዚቃውን፣ ኪኖ ግጥሙን የጻፉት ኦፔራ «አልሴስት» በዕብነ በረዱ ግቢ ውስጥ ሲታይ ዣን ለ ፖትር ቀርጾታል፣ ህትመቱ የ1676 ነው። አልሴስት ስለ ባሏ ብላ የሞተችው፣ ሄራክልስ ከሙታን አገር የመለሳት ሴት ናት። ሥዕሉ ላይ ግን አልሴስትን ለማግኘት ዐይናችሁን ማጥበብ አለባችሁ! ትልቁ የታየው ቤተ መንግሥቱ ነው፣ መብራቱ ነው፣ ከጀርባቸው የሚታዩት ባለ ዊግ መኳንንት ናቸው። ነገሩ ግልጽ ነው፣ እነዚህን ህትመቶች ያሠራው ንጉሡ ነው፣ ለውጭ መንግሥታትም በስጦታ ይላኩ ነበር። ባለታሪኩ አፈ ታሪኩ አይደለም፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ነው።


ሰፊዋ፦

እኔ ደግሞ ልብሱን ሳላነሳ ባልፍ አያስተኛኝም። ልጁ የለበሰው ምንድን ነው? ባዶ እግሩን ነው? ጨርቅ ጣል አድርጎ ነው?

የምጠይቀው መድረኩ ላይ ኢፖሊትን ሆኖ የወጣ ተዋናይ እንደዚያ ስላልለበሰ ነው። የዚያን ጊዜ «የሮማ ልብስ» የሚሉት የነበረው በወርቅ ክር የተጠለፈ ጥሩር መሳይ ነገር፣ ከወገብ በታች እንደ ጃንጥላ የተነፋ አጭር ቀሚስ (ቶንሌ ይባላል)፣ ትልቅ ዊግ፣ በዊጉ ላይ ደግሞ ላባ የተሰካበት ቁር ነው። ግሪክ ይሁን ሮማ ይሁን ለጀግና ሁሉ ያው ነው። ሴቶቹማ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቀሚሳቸው በጎንና በጎን ከመስፋቱ የተነሳ በር ላይ ወደ ጎን ዞረው ነበር የሚያልፉት። የመጽሐፍ ህትመቶች ይህን አይነግሯችሁም። ሠዓሊው የተማረው ከጥንት ሐውልት ነው፣ እና ጀግናውን እንደ ሐውልት ያለብሰዋል (ወይም ያራቁተዋል)።

ተቃራኒውም አለ። በ1734 የሞሊየር (የ17ኛው ክፍለ ዘመን የኮሜዲ ደራሲ ነው) ተውኔቶች በስድስት ጥራዝ ሲታተሙ ሠዓሊው ቡሼ ነደፈ፣ ሎራን ካርስ ቀረጸ፣ 33 ሥዕል። ቆንጆ ናቸው፣ እኔ እወዳቸዋለሁ። ግን ሞሊየር ከሞተ ያኔ 61 ዓመት ሆኖታል፣ ቡሼ ደግሞ ብዙዎቹን በራሱ ዘመን ልብስ አልብሷቸዋል፣ በራሱ ዘመን ሳሎን ውስጥ አስቀምጧቸዋል። የሞሊየርን መድረክ ከእነሱ አጠናለሁ ያለ ሰው ያጠናው የ1730ዎቹን ፋሽን ነው።

ተዋናይቷ ራሷ የምትታይበት ከፈለጋችሁ ማድሟዜል ክሌሮንን ሜዴያ ሆና እዩዋት። ሠዓሊው ካርል ቫን ሎ ቅቡን በ1759 አሳየ፣ ካርስና ቦቫርሌ ቀርጸውት ህትመቱ በ1764 ወጣ፣ የቅርጹን ወጪ የቻለው ሉዊ 15ኛ ነው። በዘንዶ በሚጎተት ሠረገላ አየር ላይ ተንሳፍፋ ችቦና ጩቤ ይዛለች፣ ልጆቿ ደረጃው ላይ ተዘርረዋል፣ ባሏ ያሶን ከታች ሰይፉን ይመዛል። ፈላስፋው ዲዴሮ ቅቡን አይቶ የመድረክ ማስጌጫ ከነሐሰቱ ነው ብሎ አጣጥሎታል። ተሳድቧል፣ ግን ለእኛ ጥሩ መረጃ ሰጥቶናል! የሚገርመው ክሌሮን በ1755 ያንን በጎን የሚሰፋ ቀሚስ መድረክ ላይ አልለብስም ብላ የጣለች ሴት ናት። ከእሷ በኋላ ታልማ የሚባል ተዋናይ መጣ፣ በአብዮቱ ሰሞን የሮማ ቶጋ ለብሶ፣ ክንዱንና እግሩን አራቁቶ ወጣ፣ አብረውት የሚሠሩት ሳይቀሩ ደነገጡ። የሠዓሊው የዳቪድ ወዳጅ ነበር፣ እና እንግዲህ ልብ በሉ፣ ሥዕሉ ከመቶ ዓመት በላይ ያለበሰውን ልብስ መድረኩ ያኔ ገና ለበሰው።

በዚሁ መንፈስ ዲዶ የሚባለው አታሚ ከ1801 እስከ 1805 የራሲንን ሥራ በሦስት ትልልቅ ጥራዝ ከ57 ሥዕል ጋር አወጣ፣ «ፌድር»ን የነደፈው ዢሮዴ ነው። እዚያ ውስጥ ቴአትር የሚባል ነገር ሽታው የለም፣ ሁሉም ዕብነ በረድ ሆኗል። ትንሽ በረደኝ እላለሁ።


ሳቄን ልጨርስ፦

እናንተ ሰዎች በጣም ቁም ነገረኛ ናችሁ። አንድ ጊዜ የካርቱን ሠዓሊውን የዶሚየን «ጥንታዊ ታሪክ» አይታችሁ ኑ። ከ1841 መጨረሻ እስከ 1843 መጀመሪያ «ለ ሻሪቫሪ» የሚባለው የቀልድ ጋዜጣ ላይ የወጡ 50 ሊቶግራፎች ናቸው። የሄለን ባል ሜኔላዎስ ቦርጫም፣ ኦዲሲየስ የሌሊት ቆብ ያደረገ ሽማግሌ፣ ሄለን እንደ መንደር ነገረኛ። ገጣሚው ቦድሌር ስለነዚህ ሲጽፍ ጀግኖቹ ከመድረክ ጀርባ ሱረት የሚምጉ ያረጁ የትራጄዲ ተዋንያን ይመስላሉ ብሏል። ልክ ነው እኮ! ዶሚየ የሳቀው በግሪክ አይደለም፣ ግሪክን ሲጫወቱ ባያቸው ሰዎች ነው። ራሼል የምትባለው ወጣት ተዋናይት ከ1838 ጀምሮ የራሲንንና የኮርኔይን ትራጄዲዎች ከሞት አስነስታ ፓሪስ በሙሉ ስለነሱ ያወራ ነበር፣ እና ለቀልደኛ ምቹ ሰሞን ነው። በ1851 ደግሞ ትራጄዲ ተዋንያኑን ራሳቸውን ለይቶ ሳለባቸው። ጥርስ የሌላቸው፣ ጭንቅላታቸው ላይ የአበባ አክሊል የደፉ፣ ክንዳቸውን ወደ ሰማይ የሰቀሉ።

ሊቶግራፍ ስለሆነ መዳብ የለም፣ ቡረን የለም፣ ድንጋይ ላይ በቅባት እርሳስ መሳል ነው። ፈጣን ነው፣ ለጋዜጣ ይመቻል። የኢፖሊቱ ቀራጭ መዳቡ ላይ ሳምንታት ሲገፋ ዶሚየ በዚያ ጊዜ ስንቱን አምላክ አዋርዶ ይጨርሳል።


ወረቀት ለቃሚ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው የሰጣችሁኝ። (ሴት ነኝ በነገራችን ላይ፣ «ያልከው ወይ ያልሽው» እያላችሁ አትቸገሩ፣ መዳብና አሲድ ደግሞ ጭራሽ አልጠየቀኝም።)

ሌሊቱን በመብራትና በአጉሊ መነጽር ሳገላብጠው አደርኩ። ነጠብጣብ የለም፣ መስመር ነው። ሰማዩና ውኃው ላይ ያለው ልቅ ነው፣ ጫፉ ደብዛዛ። የልጁ ገላ ላይ ያለው ግን እያበጠ የሚሾል ነው። ወደ መብራት ሳነሳው የሽቦው መስመር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ጠርዙን መቀሱ በልቶታል፣ በአንድ ጎን ብቻ የጎደጎደች ነገር ትዳሰሳለች።

ልብሱ፦ ሰፊዋ እንደገመትሽው ነው፣ ጨርቅ ጣል አድርጎ፣ እግሩ ላይ የነጠላ ጫማ መሳይ። ቶንሌ የለም፣ ላባ የለም።

አሁን ዋናው። ጦር ልጁ እጅ ላይ የለም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከዚያ አውሬውን ሳየው ጎኑ ላይ የቅርፊቱ መስመር ያልመሰለች፣ ቀጥ ብላ የቆመች ጭረት አለች። ወረቀቱ ላይ ያለ ጉዳት መስሎኝ ነበር የተውኳት። ጭረት አይደለችም። እንጨት ናት፣ ከሥሯ ሦስት አራት ጠብታ ተቀርጿል። ተሰክታለች! ትንንሾቹ ሰዎች ደግሞ የሚሮጡት በቀኝ ጥግ ወዳለ ዐምዳም ቤት ነው፣ እኔ ቋጥኝ ብዬ ያለፍኩት። ስለዚህ ሰውየው ሲቀርጽ ራሲንን አንብቧል ወይም ያነበበ ሰው ሥዕል ገልብጧል።

አንድ የቀረችኝ ነገር። ወደ ቤተ መቅደሱ የሚሮጡት አምስት ናቸው። ስድስተኛ ሰው አለ፣ ከእነሱ ይለያል። ፊቱን ወደ ኢፖሊት አዙሯል፣ ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቷል። ጺም አለው። እሱ ማን ነው?


ከመጋረጃ ጀርባ፦

እህቴ፣ ጺም ካለውና ካልሸሸ ቴራሜን ነው እላለሁ። ፈረሶቹ ልጁን ሲጎትቱት የደሙን ዱካ ተከትሎ የሮጠው እሱ ነው፣ ጠባቂዎቹ ከኋላው ነው የመጡት። ገና አምስተኛውን ገቢር ሊያወራ ይሄዳል።